አጥንት ያናገረው ሰው፦ የዦርዥ ኩቪዬ ሕይወት

ዛሬ ከዕለቱ ዜና ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ሰው እናስተዋውቃችሁ። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ስሙን ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ግን ማሞዝ የሚባለውን ጸጉራም ዝሆን በፊልም ካያችሁ፣ ወይም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽን ከጎበኛችሁ፣ የእሱን አሠራር ፍሬ አይታችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አንድ ጥርስ እጃችሁ ላይ ተቀመጠ እንበል። ሌላ ምንም የለም። የማን ነው? ባለቤቱ ሳር በል ነበር ወይስ ሥጋ በል? ዘመዱ ዛሬም አለ ወይስ ዘሩ ከነጭራሹ ጠፍቷል? ይህን ጥያቄ ከግምት አውጥቶ ሙያ ያደረገው ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰውዬውን ልናሞካሸው ብቻ አልመጣንም። ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ከባድ በደልም ፈጽሟል። ሁለቱንም እንነግራችኋለን።

ሥራ ያጣው ተመራቂ

ኩቪዬ የተወለደው ነሐሴ 23 ቀን 1769 ሞንቤሊያር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ የፈረንሳይ ናት፤ ያኔ ግን በጀርመናዊው የቩርተምበርግ መስፍን ሥር ነበረች። አባቱ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ ቤቱ ሀብት የለውም። ዦርዥ የሚለው ስም ራሱ የሟች ታላቅ ወንድሙ ነው። ልጁ ሲጠራበት አድጎ በዚያው ቀረ።

እናቱ ገና በልጅነቱ ንባብ አስለመደችው። የታዋቂውን የተፈጥሮ ተመራማሪ የቡፎንን የእንስሳት መጻሕፍት ሲያገኝ በቃ ልቡ እዚያው ቀረ። ሥዕሎቹን እየገለበጠ፣ በጽሑፉ ላይ በተገለጸው መሠረት ቀለም እየቀባ አደገ። ዓይኑ ዝርዝር ማየት የለመደው ያኔ ነው።

በ1784 ሽቱትጋርት ወደሚገኝ ትልቅ ትምህርት ቤት ገባ። ጀርመንኛ አያውቅም ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ በቋንቋው ተሸላሚ ሆነ። በ1788 ሲጨርስ ግን ሥራ የለም። የሚጠብቀው የመንግሥት ቦታ አልተገኘም፤ ቤተሰቡም ሊደግፈው አይችልም። ምን አደረገ? አስጠኚ ሆነ። ሰሜን ፈረንሳይ ኖርማንዲ ሄዶ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ማስተማር ጀመረ።

በዓመቱ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ፓሪስ በደም ስትታጠብ እሱ ባሕር ዳር ነበር። ዓሣውንና ቀንድ አውጣውን፣ ማዕበል የጣለውን ፍጥረት ሁሉ እየሰበሰበ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይስላል፣ ይጽፋል። ላቦራቶሪ የለውም፤ ያለው ቢላዋና ደብተር ነው። ማስታወሻዎቹ በሰው በሰው ፓሪስ ደረሱ። እዚያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የሚሠራ ኤትየን ዦፍሯ የሚባል ወጣት ፕሮፌሰር ጠራው። በ1795፣ በ25 ዓመቱ፣ ኩቪዬ ፓሪስ ገባ። ዦፍሯን አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

አራት ዓይነት የዝሆን ጥርስ

በዚያ ዘመን አንድ እንስሳ ዘሩ ፈጽሞ ከምድር ሊጠፋ ይችላል የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን አያሳምንም ነበር። ሳይቤሪያ ውስጥ ትልልቅ የዝሆን አጥንት ሲገኝ አንዳንዱ ጎርፍ ከደቡብ አምጥቶት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንስሳው ሰው ባልደረሰበት ቦታ ዛሬም አለ ይላል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን እንኳ እነዚህ ግዙፍ እንስሳት በምዕራብ አሜሪካ በሕይወት ይገኙ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር።

ኩቪዬ በ1796 ሳይንቲስቶች ፊት ቆመ። ፓሪስ በገባ በዓመቱ መሆኑ ነው። ያመጣው ማስረጃ ጥርስና መንጋጋ ነበር።

የአፍሪካ ዝሆን መንጋጋ ጥርስ ላዩ ሲታይ የአልማዝ ቅርጽ ያላቸው መስመሮች አሉት። የእስያው ዝሆን መስመሮች ግን ጠበብ ብለው ጎን ለጎን የተሰለፉ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዝሆን አይደሉም። የሳይቤሪያው ማሞዝ መስመሮች ደግሞ ከእስያውም ይበልጥ ቀጭንና ብዙ ናቸው፤ መንጋጋውም ቅርጹ ሌላ ነው። ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ከአሜሪካ ኦሃዮ የመጣው ጥርስ ጭራሽ መስመር የለውም፤ ላዩ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ይህን በኋላ ማስቶዶን አለው።

መደምደሚያው ምን ሆነ? ማሞዝ ከደቡብ በጎርፍ የመጣ ዝሆን አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ፍጥረት ነው። ያን የሚያህል እንስሳ ደግሞ የትም ሊደበቅ አይችልም። ስለዚህ ጠፍቷል። በቃ፣ ዘር መጥፋት የሚባለው ነገር በማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ከበግ እንጀምር

አሠራሩ ምን ነበር? በቤታችን በምናውቀው እንየው።

በዓል ሲሆን በግ ሲታረድ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በግ ከላይ በኩል የፊት ጥርስ የለውም። ከኋላ ግን ሰፋፊ መንጋጋ አለው። ሆዱ ሲከፈት ጨጓራው አለ፣ ሽንፍላው አለ፤ ክፍሉ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ያመሰኳል። እግሩ ደግሞ ስንጥቅ ሰኮና ነው። እነዚህ ነገሮች አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሳር የሚፈጭ ጥርስ ያለው እንስሳ የአንበሳ ጥፍር አይኖረውም፤ ምን ያደርግለታል? ክራንቻው የሾለ፣ መንጋጋው እንደ መቀስ የሚቆርጥ እንስሳም ሰኮና ይዞ አድኖ አይበላም።

ኩቪዬ ያስተማረው ይህን ነው፤ የአንድ እንስሳ አካል ክፍሎች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል። ስለዚህ አንዱን ካወቅህ ስለ ሌላው ብዙ ማለት ትችላለህ። ግን ይህ አስማት አይደለም። ጀርባው የዓመታት ልፋት ነው። ሙዚየሙን በሺዎች በሚቆጠሩ አጽሞች ሞላው፤ አዲስ አጥንት ሲመጣ ከእነዚያ ጋር እያመሳከረ ይለየዋል።

ስለ እሱ የሚወራ ቀልድ አለ። አንድ ተማሪ ሊያስፈራራው ቀንድና ሰኮና አድርጎ ሰይጣን መስሎ ሌሊት አልጋው አጠገብ ሊበላው ይቆማል። ኩቪዬ ከላይ እስከ ታች አየውና ቀንድና ሰኮና ያለው ሳር በል ስለሆነ እንደማያሰጋው ነግሮት ተመልሶ ተኛ ይባላል።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ የሞንማርትሩ ግን እውነተኛ ታሪክ ነው። ፓሪስ ሞንማርትር ላይ የጄሶ ድንጋይ ካባ ነበር። ከዚያ የወጣ አንድ ድንጋይ ውስጥ የትንሽ እንስሳ አጽም ግማሹ ብቻ ይታያል። ኩቪዬ ጥርሱንና መንጋጋውን አይቶ እንስሳው እንደ ካንጋሮ ልጁን በሆዱ ከረጢት ከሚያሳድጉት ወገን፣ የአሜሪካው ኦፖሰም ዘመድ ነው አለ። የእነዚህ እንስሳት ዳሌ ላይ አብዛኞቹ ሌሎች እንስሳት የሌሏቸው ሁለት ትርፍ አጥንቶች አሉ። ምስክሮች ጠራ። ድንጋዩን በመርፌ እየፈለፈለ ወደ ዳሌው ወረደ። ሁለቱ አጥንቶች እዚያው ነበሩ! ቢሳሳት ኖሮ ሰው ፊት ይዋረድ ነበር።

አጥንት ማንነትን፣ አለት ዘመንን

እስካሁን ያየነው እንስሳውን መለየት ነው። መቼ ኖረ የሚለውስ?

ኩቪዬ አሌክሳንደር ብሮኛር ከሚባል የድንጋይ አዋቂ ጋር ሆኖ የፓሪስን ዙሪያ ገባ ካባና ገደል አሰሰ። በ1811 ውጤታቸውን በሰፊው አሳተሙ። ምድሩ እንደተደራረበ እንጀራ ንብርብር ነው፤ ታች ያለው ቀድሞ የተጣለ፣ ላይ ያለው በኋላ የመጣ። አንዱ ንብርብር የባሕር ቀንድ አውጣ ይይዛል፣ የሚቀጥለው የጣፋጭ ውኃ። ዛሬ ፓሪስ ያለችበት ቦታ ባሕር ሆኖ ያውቃል፣ ደርቆም ያውቃል፣ እንደገናም ባሕር ሆኗል።

አጥንቶቹን በየንብርብራቸው ሲያስቀምጥ አንድ ሥርዓት ታየው። ከላይኛው ደለል ውስጥ ማሞዝ፣ አውራሪስና ጉማሬ ይወጣሉ፤ ዛሬ ያሉትን በጣም ይመስላሉ፣ ግን ልዩነት አላቸው። ወረድ ሲባል የሞንማርትሩ ጄሶ ውስጥ ፓሌዮቴሪየም የመሳሰሉ እንስሳት አሉ፤ ከዛሬዎቹ ጋር ዝምድናቸው ራቅ ይላል። ከዚያም ሲወረድ ማስትሪክት ከተማ እንደተገኘው ግዙፍ የባሕር እንሽላሊት ያሉ ተሳቢ እንስሳት ይነግሣሉ። ባጭሩ፣ ወደ ታች በሄድክ ቁጥር ፍጥረቱ ዛሬ ከምናውቀው እየራቀ ይሄዳል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታያላችሁ አይደል? ኩቪዬ ግን አላየውም፤ ወይም ማየት አልፈለገም። ለእሱ ምክንያቱ በየዘመኑ የመጣ ድንገተኛ መቅሰፍት ነው እንጂ እንስሳት እየተለወጡ መጥተው አይደለም።

ከኢትዮጵያ የሄደች ወፍ

እዚህ ላይ አገራችን በታሪኩ ትገባለች።

ኩቪዬ በተወለደበት በዚያው በ1769 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያም ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ እዚህ ስላያት ወፍ ጽፏል። ነጭ ላባ፣ ጥቁር ራስና አንገት፣ ወደ ታች የታጠፈ ረጅም ምንቃር ያላት ናት። አቡ ሐነስ ብሎ መዘገባት፤ አባ ዮሐንስ እንደ ማለት ነው።

ናፖሊዮን ግብጽ ሲዘምት አብሮ የሄደው ዦፍሯ ደግሞ ከጥንት መቃብሮች በጨርቅ የተገነዙ እንስሳት ይዞ ተመለሰ። ከእነሱ መካከል ግብጻውያን ያመልኳት የነበረችው አይቢስ አለች። የዘመኑ ሊቃውንት ይህች ወፍ የትኛዋ እንደሆነች ተሳስተው ሌላ ተለቅ ያለች ወፍ ናት ይሉ ነበር። ኩቪዬ አጥንቷን ለካ፣ አመሳከረ። ትክክለኛዋ ብሩስ ኢትዮጵያ ውስጥ ያያት ወፍ ሆና ተገኘች። ዛሬም በሐይቆቻችንና በረግረጉ ዳር ታገኟታላችሁ።

ጉዳዩ ግን ከወፍ ስም በላይ ነበር። በሙዚየሙ ውስጥ ላማርክ የሚባል ሌላ ሊቅ እንስሳት በረጅም ጊዜ ውስጥ ይለወጣሉ ብሎ ያስተምራል። ኩቪዬ የተገነዘችውን ወፍ ይዞ ተነሳበት፤ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ አልፎ አጥንቷ ካልተለወጠ የቱ ነው ለውጡ? ላማርክም መለሰ፦ የግብጽ አየርና ምድር አልተለወጠም፤ ሦስት ሺህ ዓመትም ለዚህ ጉዳይ ኢምንት ነው።

ያኔ ኩቪዬ ያሸነፈ መሰለ። ትክክሉ ግን ላማርክ ነበር፤ ዘመኑ የሚቆጠረው በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ነው። ላማርክ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ደህይቶ በ1829 ሞተ። ኩቪዬ የጻፈለት የመታሰቢያ ጽሑፍ እንኳ ሙገሳ ሳይሆን ወቀሳ የሞላው ነበር።

ሣራ ባርትማን

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጥተናል።

ሣራ ባርትማን የደቡብ አፍሪካ ኮይኮይ ሴት ናት። በ1810 ለንደን ወስደው ሰውነቷን ገንዘብ በሚከፍል ሕዝብ ፊት ለትርኢት አቀረቧት። በ1814 ወደ ፓሪስ ተወሰደች። በ1815 ኩቪዬና ባልደረቦቹ ሙዚየሙ ውስጥ መረመሯት፤ ራቁቷን እንድትሆን ሲጠይቋት ገላዋን ለመሸፈን ታገለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተች።

ኩቪዬ አስከሬኗን ተረከበ። በጄሶ ቅርጿን አስወጣ፣ ከፈታት፣ አጽሟን፣ አንጎሏንና ኃፍረተ ሥጋዋን አስቀረ። በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ ከዝንጀሮ ወገን ጋር አመሳሰላት። የሚገርመው እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ማስታወስ ችሎታዋ ጥሩ እንደነበር፣ ደች እንደምትናገር፣ እንግሊዝኛም እንደምትሞክር ራሱ መዝግቧል። የሰውን ልጅ በሦስት ከፍሎ ነጩን ከላይ አስቀመጠ፤ ጥቁሩን ወገን በሙሉ ደግሞ ከታች አድርጎ ኢትዮጵያዊ በሚል ስም ጭምር ጠራው። በእኛ ስም መሆኑ ነው።

እኛን የሚያስቆጨን ምን መሰላችሁ? ይህ ሰው ለዝሆን ጥርስ መስመር እንኳ ጥንቃቄ ነበረው። አጥንቱ ሳይናገር አይናገርም ነበር። ለሣራ ሲሆን ግን መልሱን ቀድሞ ይዞ ነው የተቀመጠው፤ ማመሳከሩ በኋላ መጣ። ያው ቢላዋ፣ ያው መለኪያ፣ ያው እጅ። የጎደለው እሷን እንደ ሰው ማየት ነው።

አጽሟና የጄሶ ቅርጿ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ፓሪስ ውስጥ ለጎብኚ ይታይ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ወደ አገሯ እንድትመለስ ጠየቁ። ፈረንሳይ ሕግ አውጥታ በ2002 መለሰቻት፤ ነሐሴ 9 ቀን 2002 ሃንኪ በምትባል ከተማ በክብር ተቀበረች። ከሞተች ወደ 187 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።

ክብር፣ ስህተትና ሐዘን

ኩቪዬ በሹመት ከፍ እያለ ሄደ። ናፖሊዮን መጣ፣ ወደቀ፤ ነገሥታቱ ተመለሱ፤ በ1830 ሌላ አብዮት ሆነ። እሱ ግን በሁሉም ዘመን ወንበሩ ላይ ነበር፤ ባሮንም ሆነ።

ስህተትም ሠርቷል። ከእንግሊዝ የመጣለትን አንድ ጥርስ አይቶ የአውራሪስ ነው አለ። ጥርሱ በኋላ ኢጓኖዶን የተባለው ዳይኖሰር ሆኖ ተገኘ። ኩቪዬም በ1824 መሳሳቱን በይፋ አመነ። አንገተ ረጅሙን የባሕር እንስሳ ሜሪ አኒንግ ስታገኝ አጽሙ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ሲጣራ እውነተኛ ሆነ፣ ተቀበለ። ስለ አጥንት ሲሆን መሸነፍ ይችል ነበር።

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ሕይወት ነበር። በ1804 ያገባት ሴት የመጀመሪያ ባሏ በአብዮቱ ጊዜ አንገቱን የተቀላባት ናት። ከኩቪዬ አራት ልጆች ወለደች፤ አራቱም ከአባታቸው ቀድመው ሞቱ። የመጨረሻዋ ክሌማንቲን በ1827 በ22 ዓመቷ አረፈች፤ ሠርጓ ተቃርቦ ነበር። የጠፉ ፍጥረታትን ሁሉ ሲያስነሳ የኖረው ሰው የራሱን ዘር ቀብሮ ቀረ።

በ1830 ከዚያ ከጠራው ሰው፣ ከዦፍሯ ጋር በሳይንስ አካዳሚ አደባባይ ወጥተው ተከራከሩ። ዦፍሯ እንስሳት ሁሉ የተሠሩበት ንድፍ አንድ ነው ይላል፤ ኩቪዬ አራት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ይላል። ክርክሩን አውሮፓ በሙሉ ተከታተለው። በ1832 ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ የመጨረሻ ትምህርቱን ሰጠ፤ ወዲያው ሰውነቱ ሽባ እየሆነ ሄደ። ግንቦት 13 ቀን፣ በ62 ዓመቱ አረፈ። ፓሪስ የኤፍል ግንብ ላይ ከተቀረጹት 72 ስሞች አንዱ የእሱ ነው።

መጨረሻውን ያልጻፈው ታሪክ

ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ቻርልስ ዳርዊን መጽሐፉን አወጣ። ኩቪዬ በንብርብር ያስቀመጣቸው አጥንቶች አሁን እንደ ቤተሰብ ሐረግ መነበብ ጀመሩ። እንስሳት ከተለወጡ በመካከል ያሉት የት አሉ ብሎ ሲጠይቅ በምሳሌነት ያነሳው ፓሌዮቴሪየም ራሱ ዛሬ ከፈረስ የጥንት ዘመዶች ጋር ይመደባል።

ኩቪዬ ሌላም ነገር ብሎ ነበር፤ ከጠፉት እንስሳት ጋር እውነተኛ የሰው ቅሪተ አካል አልተገኘም። በ1974 አፋር ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላት ድንቅነሽ ተገኘች። ተመራማሪዎቹ ቆማ እንደምትሄድ እንዴት አወቁ? ጉልበቷንና ዳሌዋን ከቺምፓንዚና ከእኛ ጋር አመሳክረው። በ2000 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኘ፤ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት። ዶክተር ዘረሰናይ አጽሙን ከድንጋዩ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጀባቸው። እግሯ የሚራመድ ሰው ይመስላል፤ የትከሻዋ አጥንት ወደ ጎሪላ ያደላል።

መንገዱ የኩቪዬ ነው፤ መልሱ ግን እሱ እምቢ ያለው ነው። ከታች አስቀምጦ በስማችን የጠራው ወገን ምድር የሰውን ልጅ ሁሉ ጥንት ይዞ ተገኘ። አጥንቱ የሚያነበውን ሰው ሐሳብ አይጠብቅም።

ቤተሰብ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ? የአንድን ሰው ትልቅ ሥራና ትልቅ በደል አብሮ መያዝ ይቻላል? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ድንቅነሽን በአካል ያያችሁም ካላችሁ ምን እንደተሰማችሁ ንገሩን። ለጓደኞቻችሁ ሼር ማድረግ እንዳትረሱ፤ በሌላ ታሪክ እንገናኝ።